የምሳ ሰዓት እንቅልፍ

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የቤተ ሙከራው መብራት ጠፋ። የሲንቹ ከተማ መሐንዲሶች እንደ ልማዳቸው የምሳ ሳጥናቸውን ከድነው፣ ትንንሽ ትራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ተደፉበት። አለቃ ፓን ለማንኮራፋት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ያልተኛችው ዩሃን ብቻ ነበረች፤ ዓይኗን የኃይል መለኪያው ላይ ተክላለች።

የአዲሱ ዲስክ፣ የላፕቶፕ መረጃ ማከማቻው፣ የኃይል ፍጆታ ቁጥር ደግ ነበር። ደንበኛው፣ ላፕቶፕ ሠሪው ድርጅት፣ ከፈቀደው መጠን በታች ወርዷል። አራት ወር የደከመችው ለዚህ ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለው ቺፕ የሚሠራው እንደ ልብ በሚመታ ምት ነው፤ ምቱ ሲፈጥን የተጠየቀውን ቶሎ ያመጣል፣ ባትሪ ግን ይበላል። ሲዘገይ ባትሪ ይቆጥባል፣ ግን ይጎተታል። ዩሃን ዲስኩ ለአፍታ ሥራ ከፈታ ምቱ ወዲያው እስከ ታች እንዲወርድ አደረገችው። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት "አልፏል" ብላ ከፈረመች ሥራው ወደ ፋብሪካ ይሄዳል።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አባቷ ነበር። የተኙትን ላለመቀስቀስ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ወደ ደረጃው ወጣች።

"አባዬ፣ ምነው በሰላም?"

"ሰላም ነው። ያን ኮምፒውተር መጥተሽ ውሰጂው ልልሽ ነው።"

አባቷ ዕድሜውን በባቡር ጣቢያ ምልክት ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። አምና ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ስለደከመ፣ አዲሱ ዲስክ የተገጠመለትን የሙከራ ላፕቶፕ ከመሥሪያ ቤቷ አስፈቅዳ ወሰደችለት። የሟች እናቷን ታሪክ ለልጅ ልጆቹ እየጻፈበት ነበር።

"የእማዬን ታሪክ ጨረስከው እንዴ?"

"የት አባቴ እጨርሰዋለሁ! ሠርጋችን ላይ ቆሜያለሁ። ጭንቅላቴ አልቋል፣ ልጄ።"

"እንዲህ አትበል።"

"እውነቴን ነው። ፊደሉን እጫናለሁ፣ አይመጣም። ተጭኜዋለሁ ወይስ አልተጫንኩትም እላለሁ። ደግሜ ስጫን ሁለቱም አንድ ላይ ዱብ ይላሉ። ሐኪሙ 'አንዳንዴ ሐሳብህ ሊቆም ይችላል' ብሎኝ የለ? ይኸው ቆመ። እንዳትጨነቂ ብዬ ወር ሙሉ ዝም አልኩሽ።"

ዩሃን ጆሮዋን ቀሰረች።

"በወረቀት ስትጽፍስ?"

"በወረቀት ጣቴ ይደክማል እንጂ ሐሳቤ አይቆምም። እሱ ነው የገረመኝ።"

"እስቲ አሁን ክፈተውና ቶሎ ቶሎ ተጫን።"

"መጣ። ይኸው መጣ።"

"አሁን እጅህን አንሳና እስከ አምስት ቆጥረህ ተጫን።"

"...አራት፣ አምስት።" የቁልፉ ቀጭታ ተሰማት። "አየሽ? ቆመ።"

ዩሃን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "አባዬ፣ ኮምፒውተሩን የትም እንዳታደርገው። መልሼ እደውላለሁ።"

የሚጻፍ ፊደል ሁሉ ዲስኩ ላይ ይቀመጣልና፣ ተመልሳ ዲስኩን እንደ አባቷ አጻጻፍ ፈተነችው፤ ትንሽ ጥያቄ፣ ትንሽ ዝምታ፣ ደግሞ ትንሽ ጥያቄ። ዲስኩ በየዝምታው አንቀላፋ፤ በተጠራ ቁጥር እየተንገዳገደ ነቃ። መዘግየቱ አሻቀበ። መተኛትና መንቃቱ ራሱ ኃይል ይፈጃልና የባትሪው ፍጆታም ጨመረ። ያማሩት ቁጥሮች ሁሉ የተለኩት በምሳ እንቅልፍ ሰዓት ነው፤ ኔትወርኩ ጸጥ ሲል ይመቻል ብላ ሰዓቱን የመረጠችው ራሷ ናት። ሰው ሁሉ ሲተኛ ዲስኩም ጠሪ አጥቶ ተኝቶ ነበር። ብቻዋን አፈረች።

ሰባት ተኩል ላይ መብራቱ በራ። ፓን የትራሱ ስፌት ጉንጩ ላይ እንደታተመ መጣ።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።"

አሳየችው። ሁለቴ ተመለከተው።

"የደንበኛው ፈተና ይህን አይጠይቅም" አለ ቀስ ብሎ። "ወይ ረጅም ሥራ ነው፣ ወይ ረጅም እረፍት። ሁለቱንም ያልፋል።"

"ሰው ግን እንዲህ ነው የሚጽፈው፣ አለቃ፤ እያሰበ።"

"ማስተካከያው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?"

"ምቱን በደረጃ ማውረድ ነው። መጀመሪያ ወደ ግማሽ፣ ቆየት ብሎ ወደ ታች። ሁለት ሳምንት ይበቃኛል። ልዋሽዎት ግን አልችልም፤ በባትሪው ገደብ ላያልፍም ይችላል።"

"ሁለት ሳምንት! ፋብሪካው እኮ ዛሬ ነው የሚጠብቀን። ዛሬ ካልሆነ ሥራው ለሌላ ቡድን ይሰጣል፤ ስሕተቱም ባንቺ ስም ይጻፋል።" ጉንጩን አሻሸ። "እኔ አላስገድድሽም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። ፊርማው ያንቺ ነው።"

ዩሃን ቅጹን ከፈተች። "አልፏል" የሚለው ቦታ ፊርማዋን ይጠብቃል። የአራት ወር ድካሟን ለመጣል ሳሳች። ለአባቷ እውነቱን ከነገረችው በኋላ እዚያ ላይ መፈረም እንደማይሆንላት ታውቃለች። ካልነገረችው ደግሞ ሰውየው ጭንቅላቴ አልቋል እያለ ይኖራል። ፓን አጠገቧ እንደቆመ ስልኳን አንስታ ደወለች።

"አባዬ፣ ጭንቅላትህ ደህና ነው። የሚያንቀላፋው ዲስኩ ነው። እንዲያንቀላፋ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።"

"እኔ አይደለሁም?"

"አንተ አይደለህም።"

አባቷ ሲናፈጥ ተሰማት። "እኔ ደግሞ ወር ሙሉ ራሴን ስቀብር! አንቺ የማትረቢ ልጅ!" እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየላትም። "በይ ዝጊው። ሠርጌ ላይ ነኝ።"

ዩሃን "አላለፈም" የሚለውን መረጠች። ከሥሩም በምሳ እንቅልፍ ሰዓት እንዲለካ የመረጥኩት እኔ ነኝ ብላ ጽፋ ፈረመች።