የሚሸፈነው ማልያ

ቡርጊ አራተኛውን ማልያ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥቁሩን ፕላስተር ልትለጥፍበት ስትል አውቶቡሱ ነጠረና ፕላስተሩ ተጠቅልሎ ጣቷ ላይ ቀረ።

"ቀስ በል እንጂ ሂያስ! ድንች የጫንክ መሰለህ?"

"ድንች ቢሆንማ ዝም ይል ነበር፣ እትዬ ቡርጊ" አለ ሹፌሩ በመስታወት እያያት።

ከኋላዋ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾቹ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። የብሬነርን የተራራ ድንበር ካለፉ ጣሊያን ናቸው። ማልያው ደረት ላይ በቢጫ የተጻፈው የአንድ የኢንተርኔት ውርርድ ድርጅት ስም ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሩቅ ደሴት ላይ ነው ይባላል። እዚህ ኦስትሪያ ማንም ነገሬ አይለውም። ማዶ ግን የቁማር ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ከሃምሳ ሺህ ዩሮ ይጀምራል። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ተራራው ያው፣ ቋንቋው ያው ጀርመንኛ፣ ሾርባው ያው፤ ሕጉ ብቻ ሌላ። ቡርጊ በሃያ ስድስት ዓመት የማልያ ሥራዋ ደም አጥባለች፣ ቅዳጅ ጠቅማለች፤ ጽሑፍ ስትደብቅ ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ቬንደሊን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ልጅ ሳለ የጫማውን ክር ታስርለት የነበረችው እሷ ናት።

"እትዬ ቡርጊ፣ ፕላስተሩን ብዙ አታጥብቂው።"

"ላብ ሲነካው ይላቀቃል'ኮ።"

"ይላቀቃ! ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ገንዘብ የሚሰጡን የውርርዱ ሰዎች ስማቸው ካልታየ በሚቀጥለው ዓመት የሉም። እነሱ ከሌሉ ክለብም የለም።" ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "እዚች ላይ ደግሞ ፈርሚልኝ። ለደንቡ ያህል ነው።"

መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ማልያዎቹን በሚገባ የመሸፈን ኃላፊነት የእሷ ነው ይላል።

"የሚላቀቀው ባንተ ትእዛዝ፣ የምጠየቀው እኔ?"

"ማን ይጠይቅሻል? አንቺን ማን ያውቅሻል?"

"ለዚህ ነዋ የመረጥከኝ።"

ቬንደሊን ወደ መስኮቱ ዞረ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እሱም እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ልትቆጣው ፈልጋ አቅም አጣች። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ምናልባት ክለቡ ይዘጋ ይሆናል።

ሦስቱ ማልያዎች ላይ የለጠፈችውን ፕላስተር ልጣ ጣለችው። ከዕቃ ሳጥኗ ጥቁር ጨርቅ አወጣች፤ ባለፈው ክረምት አሰልጣኙ ሲሞቱ ተጫዋቾቹ ክንዳቸው ላይ ካሰሩት የሐዘን ጨርቅ የተረፈ ነው። በድብድብ የተቀደደ ማልያ የምትሰፋበትን ወፍራም ክር ሁለት መርፌዎች ውስጥ አስገባች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልሰፋዋ። ያኔ ወረቀቱ እውነት ይሆናል፤ እፈርማለሁ።"

"አሥራ ስምንት ማልያ? አይደርስም!"

"ብቻዬን ከሆነ አይደርስም።" ሁለተኛውን መርፌ ዘረጋችለት። "የሰፋ ሁሉ ይፈርማል።"

ቬንደሊን እጁን አላነሳም። መርፌውን ፊቱ ካለው መቀመጫ ጀርባ ላይ ሰካችለትና የመጀመሪያውን ስፌት ሳብ አድርጋ አጠበቀች።

"ሂያስ" አለች ቀና ሳትል፣ "አሁን የእውነት ቀስ በል።"