ግማሹ የተላጨ ድንጋይ

«ይኼ ነገር ዛሬውኑ ይውጣ!» አለች የኣምለሰት አክስት አሞይ ትበርህ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ። «ሰው ሊያለቅስ ነው የመጣው ወይስ ግማት ሊያሸት?»

ኣምለሰት ከፍራሹ ብድግ አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስንቴ ብድግ ብላ ስንቴ «የሟች እህት አርፋ ትቀመጣለች» ተብላ በትከሻዋ ተጭና ተቀምጣለች። አሁን ግን የሚይዛት አልተገኘም።

«አሞይ፣ ድንጋዩ እኮ ሕይወት አለው። ከውኃው ወጥቶ ከደረቀ ይሞታል።»

«ወንድምሽን ቀብረን መጥተን፣ ስለ ድንጋይ ሞት ታወሪኛለሽ?»

መስኮቱ ሥር ያለው የመስታወት ገንዳ ገና ዓሣ አልገባበትም። ያለው ከቀይ ባሕር የወጣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ብቻ ነው፤ በየቀዳዳው ክር የመሰሉ ትሎች ይኖራሉ። ሟቹ ወንድሟ ሰረቀብርሃን ወደ አገሩ ከሚመለስ የቃኘው ሰፈር አሜሪካዊ ወታደር ገዝቶ ሲያመጣው፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ጠጉር አብቅሎ ነበር።

«ጺማም ድንጋይ!» ብላ ሳቀችበት ያን ጊዜ።

«አልጌ ነው። ነቅዬ እጨርሰዋለሁ።»

«አንተ? ምን ጨርሰህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። ጊታር ጀምሮ ተወ፤ ጣልያንኛ ጀምሮ ተወ። የግቢውን በር እንኳ ግማሹን ቀብቶ ግማሹን ለዝገት ለቀቀው።

እማማ ላቀች፣ የጎረቤቱ ሻምበል ሚስት፣ የሻሂ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው በሹክሹክታ «እንዴት ያለ ልጅ ነበር!» አሉ። «የጀመረውን ሳይጨርስ የማይተው!»

ኣምለሰት ሳቋ አመለጣት። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ምነው ልጄ?»

«እማማ፣ የግቢያችንን በር አይተውታል?»

እማማ ላቀች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ተንቀጠቀጠ። አሞይ ትበርህ ብቻ አልሳቀችም።

«ምጽዋ ለምን ወረደ? ለዚህ ድንጋይ የባሕር ውኃ ሊቀዳ! ጠመዝማዛው ላይ አውቶቡሱ ሲገለበጥ እሱ ሞተ፣ ጀሪካኑ አልተቀደደም! እዚያው ይፍሰስ አይሉም? እቤቴ ድረስ አመጡልኝ…» ዓይኗ ከበሩ ኋላ ወደቆመው ጀሪካን ሄደ።

ኣምለሰት ያን ጊዜ ገባት። ለካ ነገሩ የሽታ አይደለም።

«ዛሬን ብቻ ተዪኝ» አለች ዝቅ ብላ። «ጠጉሩን ልንቀለው። እምቢ ካለኝ እኔው ራሴ አውጥቼ እጥለዋለሁ።»

አሞይ ከመንገዷ ዘወር አለችላት። ኣምለሰት ድንጋዩን ተሸክማ ሳፋ ውስጥ አኖረችው። ድንበሩ ይታያል፦ ሰረቀብርሃን የነቀለው ሐምራዊ፣ ያልነቀለው አረንጓዴ። እየተጣደፈች መንጨት ጀመረች። አክስቷ ትንሽ አየቻትና ባልዲ አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች።

«ኣይፋል፣ ተዪ አሞይ! የቧንቧ ውኃ ይገድለዋል!»

አሞይ ትበርህ ባልዲውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ባልዲውን አስቀመጠችና ከበሩ ኋላ ማንም ሊነካው ያልደፈረውን ጀሪካን ጎትታ አመጣች። ክዳኑን ፈታ ሳፋው ላይ ስታንቆረቁረው ባሕር ባሕር ሸተተ። ፊቷን አዙራ ነበር የቀዳችው። ሲሞላ ከሳፋው ዳር ቁጭ አለች።

«እንደ ጎመን አትቀንጥሺው፤ ከሥሩ ያዢው።»

«እወ።»

«ጉድ እኮ ነው!» አሉ እማማ ላቀች። «ለቅሶ ቤት የሚነጨው የራስ ጠጉር ነበር፤ ዘንድሮ የድንጋይ ሆነ!» አሉና እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ቀኑ ሳይመሽ ድንጋዩ ዙሪያውን ሐምራዊ ሆነ። ከአንዱ ቀዳዳ ቀጭን ትል ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ። አሞይ አየችው።

«በቃ፣ ወደ ቦታው መልሺው» አለች።

ኣምለሰት ድንጋዩን አነሳችው፤ አገላበጠችው፤ እንደገና አገላበጠችው።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ወንድሜ የቱ ጋ ነበር ያቆመው?»

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ሐምራዊው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የእሱ እጅ የቱ፣ የእነሱ የቱ፣ አይለይም።

ከሳፋው አንዲት አረንጓዴ ክር ለቅማ አወጣች። ድንጋዩ ላይ መልሳ ለጠፈቻትና እንዳትወድቅ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘቻት።