የሾፌሩ ካፖርት

ሾፌሩ ልጁን ሲመክር ምላሱ አይደክመውም። ያን ሰሞን ክረምቱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ይዞ ስለመጣ፣ ምክሩ ሁሉ ስለ መስጠት ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጁ ክርኑ የተቀደደ ሹራቧን ይዛ መጥታ "ይሄን ለተቸገረ ሰው እንስጠው" ስትለው ቆጣ አለ።

"ያስጠላውንማ ማንም ይሰጣል። መስጠት ማለት የሚወዱትን መስጠት ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ፣ አባዬ።"

በማግስቱ የከሰዓት ተረኛ ነበር። ሊወጣ ሲል ካፖርቱ ከተሰቀለበት የለም። የሚነዳው አውቶቡስ መስኮቱ በደንብ ስለማይዘጋ፣ ያለዚያ ወፍራም ካፖርት አይሆንለትም።

"ልጅህ ጠዋት ጠቅልላ ይዛው ወጣች" አለች ሚስቱ። "አንተ የላክሃት መስሎኝ።"

ደሙ ፈልቶ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ገሰገሰ። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ካፖርቱን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል።

"ተባረክ፣ ልጄ" አሉት ገና ሲያዩት። "አባትሽ ፈቅዷል ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋት። 'እሱ ራሱ ነው ያለው' አለችኝ። ዋሸችኝ እንዴ?"

እጃቸው አዝራሩን ለመፍታት ተነሣ። ሾፌሩ አፉ ድረስ የመጣውን ዋጠው።

"ኧረ አልዋሸችም፣ አባባ። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ማታ ልጅቱን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

"የምትወጂውን አልኩ እንጂ የምወደውን ስጪ አልኩሽ?"

"የኔ ኮት ለሳቸው አይሆናቸውማ!"

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

"የሰው ዕቃ ከመስጠትሽ በፊት ባለቤቱን ጠይቂ። ዛሬ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው የዋለው።"

ልጅቱ ይሄን አላሰበችውም ነበር። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አክስቷ የሠራችላትን፣ ለማንም የማታስነካውን ብጫ የአንገት ልብስ ይዛ ተመለሰች።

"ይሄ የራሴ ነው" አለችና አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት።

ሾፌሩ ክረምቱን በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ፣ ያን የልጅ ልብስ አንገቱ ላይ አስሮ ነዳ። ጉንፋን ሁለቴ ጣለው። ተሳፋሪዎች እያዩት ይሳሳቁ ነበር፤ እሱ ግን አላወለቀውም።