በድሩ ጃዝ ሲማር

"አቦ በድሩ፣ ይሄን ሰውዬ ዝም አሰኘው! ምን ሆኖ ነው ከጠዋት ጀምሮ የሚያለቅሰው?"

ዐብዲወሊ ከጎን ካለው የልብስ ሱቁ ወጥቶ፣ አጥፎ ያልጨረሰውን ሱሪ በእጁ እንደያዘ፣ በሩ ላይ የቆመውን ትልቅ ስፒከር በአገጩ ጠቆመ። ከስፒከሩ የሚወጣው የሳክስፎን ድምፅ ታይዋን ገበያን አቋርጦ ባጃጆቹ እስከሚቆሙበት ድረስ ይሰማል።

"እያለቀሰ አይደለም። ሶሎ እየተጫወተ ነው፣" አለ በድሩ።

"ሶሎ ደግሞ ምንድን ነው?"

በድሩ ትንሽ አሰበ። "ሌሎቹ ለእሱ ቦታ የሚለቁለት ጊዜ ነው።"

"ለእኔም ቦታ ይልቀቅልኛ! ደንበኛ ዋጋ ጠይቆኝ ሳልሰማው ሄደ፣ ወላሂ።"

በድሩ ድምፁን ቀነሰው እንጂ አልዘጋውም።

ስፒከር፣ ሬዲዮና የስልክ ቻርጀር መሸጥ ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። ጃዝ የሚባል ነገር እንዳለ የሰማው ግን ልጁ ሙኒያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እሱን ልማር ያለች ጊዜ ነው። ያኔ ታላቅ ወንድሙ ጦልሃ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ "ሴት ልጅ ጡሩምባ ልትነፋ አገር አቋርጣ ትሂድ?" ብሎ ተቆጣ። በድሩ በዕድሜው ሙሉ ወንድሙን ተቃውሞ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን፣ "ትሂድ" አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ከነከነው፤ ምን እንደሆነ ለማያውቀው ነገር ነበር ከወንድሙ ጋር የተጣላው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሱቁን ከፍቶ ዕቃውን ካራገፈ በኋላ ከስልኩ ላይ ጃዝ እየፈለገ መስማት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር አልጣመውም። አንድ ባጃጅ ውስጥ የተሳፈሩ ሰዎች ሁሉም በአንዴ የሚያወሩ ይመስለዋል። ይህንን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለሚስቱ ለዓሻም እንኳ።

ሙኒያ ለዕረፍት ከመጣች ሳምንት ሆኗታል። ሳክስፎኑን ይዛ ብትመጣም ሳጥኑን አልከፈተችውም። በድሩ ይህን አይቶ ሊጠይቃት ሲል ዓሻ፣ "ተዋት፣ ትረፍ" ብላ አስቁማዋለች።

የቀትሩ ሙቀት ገበያውን መበተን ሲጀምር ሙኒያ እናቷ የላከችውን ሩዝ በሥጋ ይዛ መጣች። ሱቁ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ሙዚቃውን ሰምታ ቀጥ አለች።

"አባ፣ ዝጋው።"

"ምነው? ይሄኛው ጥሩ አይደለም? እኔማ ከበሮው..."

"ዝጋው አልኩህ።"

ዘጋው። ዐብዲወሊ ሱቁን ቆልፎ ወደ ጫት በርጫው ሄዷል፤ መንገዱ ላይ የቀረ ሰው የለም። በድሩ የብረቱን በር ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርጎ ቬንትሌተሩን ወደ ልጁ አዞረላት። ሁለቱም ካርቶን ላይ ተቀምጠው ሰሃኑን መሃላቸው አደረጉ። እሷ ማንኪያውን ያዘች እንጂ አልበላችም።

"ትቼዋለሁ አባ። አልመለስም።"

በድሩ መብላቱን ተወ። "ምን ሆንሽ?"

"በቡድን የምንጫወትበት ፈተና ነበር። ተራዬ ደረሰና ሳክስፎኑን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ምንም አልመጣልኝም። አንዲት ድምፅ እንኳን። ቤዝ ጊታሩ ይሄዳል፣ ድራሙ ይሄዳል፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እኔ ቆሜያለሁ። አሥራ ስድስት ባር ሙሉ!"

"ባር?" በድሩ ደነገጠ። "የምን ባር? ፈተናውን ባር ውስጥ ነው እንዴ የሚሰጧችሁ?"

ሙኒያ ሳትወድ ፈገግ አለች። "የሙዚቃ ልክ ነው አባ። አራት አራት እየተደረገ የሚቆጠር።"

"እንደሱ በይኝ።"

"መምህሩ ኮርሱን ድገሚው አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም ማለት ነው። እዚሁ ድሬ አካውንቲንግ ልማር። አዴር ጦልሃም ደስ ይለዋል።"

በድሩ አፉ ላይ የመጣውን ቃል መለሰው። ስለ አንቺ ብዬ ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ፣ ሊላት ነበር። ይህን ካላት ግን ነገ ተነስታ ትሄዳለች፤ የምትሄደው ደግሞ ለእሱ ስትል ብቻ ነው።

"እሺ፣" አለ።

"እሺ?"

"አንቺ ካልሽ እሺ። ግን ከመተውሽ በፊት አንድ ነገር አስረጂኝ። ሁለት ዓመት ስሰማው አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል።"

"ማን ነው ሁለት ዓመት የሰማው?"

"እኔ። በየጠዋቱ። ካላመንሽ ዐብዲወሊን ጠይቂው፣ በእኔ ምክንያት ገበያ ሊቀይር ነው።"

ሙኒያ አባቷን አተኩራ አየችው። "ትወደዋለህ?"

እወደዋለሁ ሊል አሰበና ተወው። "አልወደውም። ግን ስትደውዪልኝ 'በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ' ብቻ እያልኩ መዝጋቱ አስጠላኝ። ስለ ትምህርትሽ የምጠይቅሽ ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ነው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሩዙን በማንኪያ ወዲያና ወዲህ ስታደርገው ቆየችና፣ "የቱ ጋ ነው የሚጠፋብህ?" አለች።

በድሩ ያንኑ ሙዚቃ ከመጀመሪያው ከፈተው፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ።

"ስማ፣" አለችው። "ዜማው ሁለቴ ይደጋገማል። ከዚያ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ቤቱ ይመለሳል። ከመጋላ ተነስተህ፣ ደቻቱ ወንዝን ተሻግረህ፣ ከዚራ ሰፈር ደርሰህ፣ መጋላ ትመለሳለህ በል።"

"እኔን ደቻቱ ላይ ነዋ የሚጥሉኝ! መቼ እንደተሻገሩ ሳላይ እነሱ ከዚራ ናቸው።"

"ሲጥሉህ ምን ታደርጋለህ?"

"ምን አደርጋለሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲመለሱ እቀላቀላቸዋለሁ።"

"እሱንማ መምህሩም ይለናል፣" አለች ቅር ብሏት። "ለመናገር ቀላል ነው።"

በድሩ ምክር የሰጣት እንደመሰላት ገብቶት አፈረ። የእውነት ነው የሚጠፋበት።

ሙኒያ ዜማውን ለብቻው እንዲሰማው ብላ በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመረች። "አሁን መጋላ ነን... አሁንም መጋላ... አሁን ተሻገርን!" እጇን ስታነሳ በድሩ በጣቱ ካርቶኑን መታ። ከዚራን ዞረው ሲመለሱ አብሯት ተመለሰና እንደ ልጅ ደስ አለው። "እንደገና፣" አላት።

ሙዚቃውን ከመጀመሪያው ከፍተው እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው ዙር ግን ሙኒያ እጇን አላነሳችም። ዜማውን ትታው ነበር። ድምፅዋ ከቤዙ በላይ ብቻውን ወጣ፤ ቆም አለ፤ ከዜማው ቁራጭ ይዞ ተመለሰ፤ ቁራጩን ገልብጣ አንጎራጎረችው፣ መልሳ አቃናችው። ዓይኖቿ ተከድነዋል። በማንኪያው ሳይታወቃት የሰሃኑን ጠርዝ ትመታለች። በድሩ ቆጠራው ጠፍቶበት ጣቱን ከካርቶኑ ላይ አነሳ። አሥራ ስድስቱ ባር ማለፉን ግን እሱም አላጣውም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት ቸኮለ።

የብረቱ በር ተንኳኳ።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ማነው የሚያንጎራጉረው?" ጦልሃ ከዙሁር ሶላት እየተመለሰ ነበር። ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ በበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። ሙኒያ ብድግ ብላ እጁን ሳመችው።

"ትምህርት እንዴት ነው ልጄ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በድሩ ቀድሟት ይመልስላት ነበር። ዛሬ የስፒከሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

"አንድ ኮርስ ወደቅሁ፣ አዴር።"

የጦልሃ ፊት ተለወጠ። የተደሰተ አይመስልም፤ ከልቡ ነው ያዘነላት። "አይዞሽ። ሰው ይወድቃል። እዚህ የማውቀው ሰው አለ፣ አካውንቲንግ ያስገባሻል። ከናትሽም አትርቂም።"

"እደግመዋለሁ፣" አለች ሙኒያ።

"ምኑን?"

"የወደቅሁትን።"

ጦልሃ ወደ ወንድሙ ዞረ። "አንተ ነህ እንዲህ በይ ያልካት?"

"እኔ ምን አውቄ?" አለ በድሩ። "እኔ ገና ደቻቱን እየተሻገርኩ ነው።"

ጦልሃ ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ነገሩ ስላልገባው ራሱን ነቀነቀ፤ ከሰሃኑ አንድ ቁራጭ ሥጋ አንስቶ ጎረሰና፣ "አላህ ያግዝሽ" ብሏት ወጣ።

በድሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፦ "እሱን እንቢ ለማለት ብለሽ ነው ወይስ የእውነትሽን?"

"አላውቅም። ከአፌ አመለጠኝ። ካመለጠኝ በኋላ ግን መልሼ ልውጠው አልፈለግሁም።" ቀና ብላ ተነፈሰች። "ከዛሬ ጀምሮ መለማመድ አለብኝ። ቤት ደግሞ በዚህ ሙቀት ሰፈሩ ሁሉ ተኝቷል፣ ይጮሁብኛል።"

"ሳክስፎንሽን እዚህ አምጪዋ።"

"ሱቅ ውስጥ? ደንበኛ ይሸሻል አባ።"

"ይሽሽ፣" አለ በድሩ። ተነስቶም ቬንትሌተሩ ፊት የተደረደሩትን ስፒከሮች ወደ ግድግዳው መግፋት ጀመረ።