የሚያልበው ድንጋይ

ፈሂማ ከሪያድ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ዕቃ ድንጋይ ነበር። ብርቱካንማ፣ ሆዱ ተቦርቡሮ አምፖል የገባበት፣ እንጨት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ። ሌላው ከዓረብ አገር ቴሌቪዥን አሸክሞ ይገባል፤ እሷ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስትፈገፍግ ኖራ ድንጋይ ይዛ ሐይቅ ከተማ ላይ ከሚኒባስ ወረደች። ባጃጅ ነጂው ሻንጣውን ሲያነሳ "እቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ?" ብሎ ቀለደባት።

ወርቅ ሳይሆን ጨው ነበር። ከተራራ ተቆፍሮ የሚወጣ፣ አምፖሉ ሲበራ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ የጨው ድንጋይ። ፈሂማ ግን ይኸን ቃል ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። ስምንት ዓመት ኖራ ጨው ይዛ መጣች ከተባለ ለሐይቅ ገበያ የዓመት ሳቅ ነው። ስለዚህ እናቷ ዑምኩልሱም "ምንድን ነው፣ ሆዴ?" ሲሏት "ክሪስታል ይሉታል፣ እማ። ለአባባ ትንፋሽ መድኃኒት ነው" አለቻቸው። ያን ጊዜ ምላሷ ተሳስሮ ቢቀር ይሻላት ነበር።

አባቷ አሕመዲን ልባቸው ደክሟል። ሦስት ትራስ ተደግፈው ካልሆነ አይተኙም። የደሴው ሐኪም ኪኒን ሰጥቶ "ጨው እንዳይነኩ። ጨው ውሃ ያቁርብዎታል፣ ውሃው ያፍንዎታል" ብሏቸዋል። ዑምኩልሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የባላቸውን ወጥ ለብቻው በትንሽ ድስት ይሠራሉ። አሕመዲን ግን ዕድሜ ልካቸውን በርበሬና ቅመም የነገዱ፣ አፋቸው ጣዕም የለመደ ሰው ናቸው። አንድ ጉርሻ ጎርሰው "ይኸ ምሳ ነው ወይስ ቅጣት?" ብለው መሶቡን ይገፉታል። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ እያሉ ከሱ።

ፈሂማ የድንጋዩን ነገር የተማረችው ከእመቤቷ ቤት ነው። የእመቤቷ እናት ትንፋሽ ያጥራቸው ስለነበር ከራስጌያቸው እንዲህ ያለ ድንጋይ ይበራል፤ አየር ያጠራል ይባል ነበር። ያጥራ አያጥራ እሷም አታውቅም። ተስፋ ቸግሯት ነበርና ከዚያ በላይ አልመረመረችም። ለአባቷ ስትገዛ ግን ዝም ብላ አላነሳችም። ብርሃኑ ቦግ የሚለውን፣ ቀለሙ እንደ ተቀባ ዕቃ አንድ ወጥ የሆነውን፣ እጅ ላይ የሚቀለውን አስመሳይ ነው ብላ እየተወች፣ ደብዛዛውንና ከባዱን መረጠች።

አያያዙንም ለእናቷ ደጋግማ ነገረች። "ውሃ እንዳታስነኪው፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ወልውይው። ሁልጊዜ ይብራ። መብራት ከጠፋ በፌስታል ጠቅልይው፣ አለዚያ ያልበዋል።"

"ሱብሃነላህ! ድንጋይ ያልበዋል?"

"ይኸኛው ያልበዋል፣ እማ።"

ለምን እንደሚያልበው አልነገረችም። ብዙም ሳይቆይ ደሴ ልብስ መሸጫ ቤት ተቀጠረችና ጠዋት ወጥታ ማታ መግባት ጀመረች።

ክረምት ገባ። መብራት ሄደ ማለት ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ የሐይቁም እርጥበት ቤት ድረስ ይገባል። ድንጋዩ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ዑምኩልሱም ሊጠቀልሉት ፌስታሉን አነሱ፤ ጠብታውን ሲያዩ ግን መልሰው አስቀመጡት። ቁርዓን የተቀራበትን ውሃ ለበሽተኛ ሲያጠጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ መድኃኒት ከተባለ ድንጋይ የወጣ ውሃ መሬት ሲጠጣው ማየት አላስቻላቸውም። ከሥሩ ሳህን አኖሩ። የተጠራቀመውን በማንኪያ ቀድተው፣ ቢስሚላህ ብለው ለባላቸው አቀመሱ።

አሕመዲን በመጀመሪያው ጠብታ አወቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና "ባዶውን አይወርድልኝም፣ ወጤ ላይ አርጊልኝ" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ መሶቡ መገፋቱ ቀረ።

ይኸን ሁሉ ፈሂማ የሰማችው ኋላ ነው። ያን ሰሞን እሷ ያየችው ማታ ስትገባ አባቷ ጣታቸውን እየላሱ ሲበሉ ነው። "ያመጣሽው ነገር ሐቅ ነው፣ ልጄ" አሏት። ብርሃኑን የሚሉ መስሏት ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። ስምንት ዓመቷ በከንቱ አልሄደም ማለት ነው ብላ አላህን አመሰገነች።

በሦስተኛው ሳምንት እግራቸው አበጠ፤ ወዲያው ሆዳቸው። አንድ ጠዋት ትንፋሽ ቢያቅታቸው በኮንትራት መኪና ደሴ አደረሷቸው። ሐኪሙ ገና እንዳያቸው "ጨው በልተዋል?" አለ።

"ወላሂ! ፍሬ ጨው አላስነካሁትም!" አሉ ዑምኩልሱም፣ ተቆጥተው።

እናቷ መድኃኒት ሊገዙ ሲወጡ አሕመዲን የፈሂማን እጅ ያዙ። እየቆራረጡ ነው የሚናገሩት። "ድንጋዩ ነው። ውሃውን ወጤ ላይ ታደርግልኛለች። እኔ ከመጀመሪያው አውቄያለሁ... አፌ ናፍቆ ነው። እናትሽ አታውቅም። እንዳትነግሪያት። አማና።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞቱ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ሙጂባ ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ የባሏን ነገር አነሳች። የሀሚዱም እግር ማበጥ ጀምሯል፤ እሱንም ጨው ከልክለውታል፤ እህል አልበላ ብሎ ተቸግራለች። ዑምኩልሱም ዓይናቸውን ጠርገው ተነሱ።

"የአሕመዲንማ አጀሉ ደርሶ ነው። ይኸ ውሃ ግን ወላሂ የምግብ ፍላጎቱን ከፍቶለት ነበር። እንኪ፣ ለሀሚዱ ውሰጂለት። ለአሕመዲንም ሰደቃ ይሁነው።" በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ሰጧት።

 ፈሂማ አማናውን ከበላች እናቷን በቁማቸው ትቀብራለች። ዝም ካለች ሀሚዱን። እናቷ በንጹሕ ልብ፣ ባላቸውን እስከ መጨረሻው አስታመምኩ ብለው ነው የተጽናኑት፤ ሌላ የቀራቸው ነገር የለም። ሙጂባ መርቃ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ጠርሙሱን ይዛ እስከ በሩ ሄደች።  ጫማዋን ስታጠልቅ ግን ፈሂማ አልቻለችም።

"ሙጂባ፣ ተይው። አትስጪው። ጨው ነው።"

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ዑምኩልሱም ወደ ድንጋዩ ሄዱ። ሳህኑ ውስጥ ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። እንደገና ነከሩ፣ እንደገና ቀመሱ። ከዚያ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ይኸን መች አወቅሽ?" አሏት፣ ቀስ ብለው።

"ስገዛው፣ እማ። ባለሱቁ እውነተኛ መሆኑን ቅመሽ እይ አለኝ። ቀመስኩት።"