ሚርያም በአንድ ዓይን

በመስከረም 1978 የወይዘሮ ሉቺያ ኮምቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከናይሮቢው የኢስትሊ ሰፈር ይዛን ስትወጣ፣ እንደማንመለስ እርግጠኛ ነበርኩ። መኪናዋ በዕድሜ ትዳሬን ትበልጣለች። ጣሪያዋ ያፈሳል፣ የጎን በሯ በገመድ ይታሰራል። ከኋላ አንድ አኮርዲዮን፣ ሁለት አግዳሚና በሻካራ ጨርቅ የተለበጠ ትልቅ ሰሌዳ ተጭኗል። ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ወይዘሮ ሉቺያ፣ ሾፌሩ ፍስሃየ፣ እኔና የስድስት ዓመት ልጄ ሠርክ ነን።

ወይዘሮ ሉቺያ ዕድሜያቸውን በአስመራ በማስተማር የጨረሱ፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ሴት ናቸው። እሳቸው ካቶሊክ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ፍስሃየ ሃይማኖቱን ሲጠየቅ «እኔ ሾፌር ነኝ» ይላል። ሥራችን ቅዳሜ ቅዳሜ በናይሮቢ ሰፈሮች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ራቅ ወዳሉ ከተሞች እየዞርን ልጆችን ዛፍ ሥር መሰብሰብ፣ ማዘመርና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ መንገር ነው። ወይዘሮ ሉቺያ በስዋሂሊ ሲያወሩ፣ ከጀርባቸው ጨርቅ የተለጠፈባቸውን የወረቀት ሰዎች አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋሉ። ሻካራው ጨርቅ ይዞ ያስቀራቸዋል።

ባለቤቴ ሀብተወልድ እህል ወደ አገር ቤት በሚልክ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ስለሚሠራ፣ በዚያ የድርቅ ዘመን ኑሮው ሞምባሳ ወደብ ላይ ነበር። «ልጅቷ አየር ታግኝ፣ ላኪያት» አለኝ። ብቻዋን መላክ ፈራሁ። አብሬያት ሄድኩና መንገዱን በሙሉ ፈራሁ። በ1970 ከአዲስ አበባ የወጣሁት «ትንሽ ቆይተን እናየዋለን» ያሉ ጎረቤቶቼ የደረሰባቸውን ካየሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፉውን ቀድሞ ማሰብ ለእኔ እንደ መደበኛ ሥራ ሆኗል።

ፍስሃየ ይህን ጠባዬን በሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰበት።

«እትዬ ጽጌረዳ፣ ዛሬስ በምን እንሞታለን?»

«በፍሬን» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

«ባለፈው በጎማ አልነበር እንዴ?»

«ጎማውን ስለቀየርከው ነዋ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ከቀጠልን መኪናዋን ሙሉ በሙሉ አሳድሰሽኝ ትሞቻለሽ።»

ወይዘሮ ሉቺያ ከፊት ሆነው አኮርዲዮናቸውን እንዳቀፉ ይስቃሉ። ሠርክ ስለ ምን እንደሚሳቅ ባይገባትም ትስቃለች። እኔ መስኮቱን አጥብቄ ይዣለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ የጣለው ዝናብ በጣሪያው ገብቶ የወረቀት ሰዎቹን አበሰበሳቸው። ከውጭ አገር በስጦታ የመጡ ነበሩና ምትክ አልተገኘም። ወይዘሮ ሉቺያ የረጠበውን ጴጥሮስን በሁለት ጣት አንጠልጥለው «አሁን ማን ይሥልልን?» ሲሉ፣ ሳላስበው «እኔ» አልኩ። በልጅነቴ አጎቴ ዓምደሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ቀለም በጥባጩ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሥዕል የበለጠኝ አልነበረም።

አጎቴ ያስተማረኝን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኖቹም ይታያሉ። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ያለዚያ መሣል አላውቅም። ዳዊትን ሁለት ዓይን ሰጠሁት፣ ጎልያድን አንድ። ሔሮድስና ይሁዳ፣ የዮሴፍ ወንድሞችም ከብንያም በቀር፣ ሁሉም በጎናቸው ወጡ።

ልጆቹ ጉዳዩን በሦስት ሳምንት ውስጥ ደረሱበት። አንድ ዓይና ሰው ሰሌዳው ላይ ገና ሲለጠፍ፣ ወይዘሮ ሉቺያ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ሁለት መቶ ልጅ በአንድ ድምፅ «ምባያ» ብሎ ይጮኻል፤ ክፉ ማለታቸው ነው። ከመቀመጫቸው እየዘለሉ፣ እየሳቁ። በማታሬ ጮኹ፣ በቲካ ጮኹ፣ ዌስትላንድስ ያለው የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ አስተማሪዎቹ አብረው ጮኹ። እኔ ከኋላ ቆሜ ኮራሁ። አጎቴ ይህን ቢያይ እል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሠርክ ስታነብ አንገቷን እንደምታዘምም አስተማሪዋ ነገረችኝ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሕፃናት ፊደል ሳያውቁ የሚመረመሩበት፣ ጥርሳቸው ወደየአቅጣጫው የዞረ ሹካዎች የተደረደሩበት ሰሌዳ አለ፤ ልጁ ሹካው ወደየት እንደዞረ በጣቱ ያሳያል። ሠርክ በቀኝ ዓይኗ እስከ ታች ወረደች። በግራዋ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች።

«ዓይኑ አልታመመም፤ ሰንፏል» አለኝ ሐኪሙ። «ጤነኛውን በቀን ስድስት ሰዓት በልጥፍ እንሸፍነዋለን፤ ሰነፉ ተገዶ ይሠራል። እስከ ነሐሴ ሳታቋርጡ ከቀጠላችሁ ይድናል። ስምንት ዓመት ከሞላት በኋላ ግን ብዙ ማድረግ አንችልም።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ወደ ቤት በሚወስደን ማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ልጄ በነጭ ዘንግ መንገድ ስትሻገር በሐሳቤ አየሁ፤ ሠርክ ደግሞ አጠገቤ ሆና ልጥፏ ላይ አበባ እንድሥልላት ትነዘንዘኛለች። ሣልኩላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማቻኮስ ሄድን። የሠርክ ሥራ የወረቀት ሰዎቹን በየተራ ለወይዘሮ ሉቺያ ማቀበል ነበር። ሰሌዳው አጠገብ ወጥታ ቆመች፤ አንድ ዓይኗ ተሸፍኗል፣ አንዱ ይታያል። መጀመሪያ ከፊት ረድፍ አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ መላው አዳራሽ፣ ለሁለት ወር እንዳስለመድኩት፣ «ምባያ» አለ።

በክፋት አልነበረም። ጨዋታው እንዲያ ነበርና ነው። ሠርክ ግን በእጇ የያዘችውን ዮሴፍን ጣለችው፤ ኮምቢው ውስጥ ገብታም በሩን በገመድ አሰረች።

በመመለሻችን ፍስሃየ በምን እንደምንሞት አልጠየቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ልጥፏን ለጠፍኩላትና ትምህርት ቤት ሄደች፤ ዝም ብላ ሄደች፤ እኔም ነገሩ አለፈ ብዬ ተጽናናሁ። በሕይወቴ አንዴ ክፉውን ሳላስብ ብቀር፣ ያኔ ነው የተሳሳትኩት። የካቲት ላይ አስተማሪዋ ጠርታ የዴስኳን ክዳን ከፈተችልኝ። ከውስጥ ልጥፎች አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፈው፣ አበቦቻቸው እንዳሉ፣ ወፍራም ጥቅልል ሆነዋል። በየቀኑ ከበሩ ስትገባ ታወልቀዋለች፣ ስትወጣ ከቤት ደብቃ ያመጣችውን አዲስ፣ አበባውን ራሷ ሥላ፣ ትለጥፋለች። ሐኪሙ ሲመረምራት ያው ሁለተኛው መስመር ላይ ናት።

«ሁለት ወር አጥተናል» አለ። «ከእንግዲህ አንድም ማጥፋት የለብንም።»

ቤት ስንደርስ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ለመንኳት።

«አልፈልግም፣ እማዬ። እኔ ይሁዳ አይደለሁም።»

«ማን ነሽ አለሽ?»

«አንቺ ነሻ። አንድ ዓይን ያለው ሁሉ ምባያ ነው። አንቺ ነሽ የሣልሻቸው።»



በማግስቱ ወይዘሮ ሉቺያ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የወረቀት ሰዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አዩ።

«እኔ አርባ ዓመት አስተምሬ አልታየኝም» አሉ። «ልጆቹ ሲጮኹ ደስ ስለሚለኝ ዝም አልኩ። ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ነው። አሁን ምን ልትሥዪ ነው?»

«ይሁዳን ፊት ለፊት ላድርገው?»

«ይሁዳን ተዪው። በጎ ሰው በአንድ ዓይን ሣዪልኝ።»

«አልችልም፣ እማማ ሉቺያ። እጄ እንቢ ይላል።»

«እጅሽን ማን ጠየቀው? ልጅሽ ናት የጠየቀችሽ።»

አራት ቀን ሞከርኩ። ሳሙኤልን በጎኑ ጀመርኩት፤ ሌባ መሰለኝና ቀደድኩት። ሩትን ጀመርኩ፤ «ምራቷን ልትከዳ የተነሳች ትመስላለች» ስል «አማቷን» ብሎ ያረመኝ ሀብተወልድ ነው። ከሞምባሳ ተመልሶ በጉዞ ልብሱ እንደቆመ የቀደድኩትን ወረቀት ከወለል ላይ ይለቅማል።

«አንቺ እኮ መጀመሪያ አንድ ዓይኗ ብቻ የሚታይበትን ምክንያት ስጪያት» አለኝ። «ሰው በአንድ ዓይን የሚያየው መቼ ነው?»

«ሲያጮልቅ።»

ያን ጊዜ ሚርያም ታየችኝ። ሕፃኑ ሙሴ በቅርጫት ሆኖ ወንዙ ላይ ተጥሏል፤ ትልቅ እህቱ ቄጠማ ውስጥ ተደብቃ ትጠብቀዋለች። ቄጠማውን አረንጓዴ አድርጌ ሣልኩ፤ በመሃሉ ጠይም ግማሽ ፊትና አንድ ትልቅ፣ ንቁ ዓይን። እጄ እንቢ አላለም። ስጨርስ ሠርክ በትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ አየቻት።

«ሌላው ዓይኗስ?»

«ቄጠማው ሸፍኖታል።»

«ያማታል?»

«አያማትም። ሥራ ላይ ናት።»

ሚርያምን የሚያቀብል ልጥፍ የለጠፈ ሰው ብቻ እንደሆነ ወይዘሮ ሉቺያ በቁም ነገር አስታወቁ። ሠርክ አንድ ቀን ሙሉ አሰበችበት። ቅዳሜ ጠዋት ልጥፉን በኪሷ ይዛ ኮምቢው ውስጥ ገባች።

የሄድነው ማታሬ ነበር፤ ልጆቹ እኛን በጣም የሚያውቁበት፣ ከሁሉም አብልጠው የሚጮኹበት። የሰፈሩ የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ሞልታ በመስኮት የተንጠለጠሉ አሉ። ወይዘሮ ሉቺያ ወንዙን ለጠፉ፣ ቅርጫቱን ለጠፉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሠርክ ዘረጉ። ሠርክ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ልጥፏን ለጠፈችና ዞረች፤ ሚርያምን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። አንድ ዓይን ከላይ፣ አንድ ዓይን ከታች።

«ምባያ» አለ አዳራሹ።

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ፤ ሮጬ ልይዛት አንድ እርምጃ ሄጃለሁ። ፍስሃየ ቀሚሴን ከኋላ ያዘው።

«ቆይ እንጂ፣ እትዬ። ገና አልሞትንም።»

ወይዘሮ ሉቺያ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሰምቼ ስለማላውቅ ራሴ ጆሮዬን ዘረጋሁ። «የንጉሥ ወታደሮች ሕፃናትን እየፈለጉ ነው» አሉ በስዋሂሊ። «ይህች ልጅ ወንድሟን ትጠብቃለች። ሁለት ዓይኗን ካሳየች ያገኟታል። ስለዚህ በአንዱ ብቻ። ማን ያግዛታል? አንድ ዓይናችሁን ሸፍኑ።»

ከዚያ መዳፎች ተነሡ። ከፊት ረድፍ፣ ከመሃል፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት ሳይቀሩ በአንድ እጃቸው ፍርግርጉን ይዘው በሌላው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ሁለት መቶ ልጅ በአንድ ዓይኑ ቅርጫቱን ይመለከታል። አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት እንኳ የልጇን ዓይን ሸፍናለች። የፈርዖን ልጅ መጥታ ቅርጫቱን ስታነሳ የተነሳው ጩኸት ጣሪያውን ያስነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን አልተነሳም።

ሲበተኑ አንዲት ልጅ ሠርክን «እጅሽን ሳትጠቀሚ እንዴት ሸፈንሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ሠርክ የእኔን አበባ አስነክታ አሳየቻት። ልጅቷ እኔም ልለጥፍ አለች። ሠርክ «ሐኪም ካልሰጠሽ አይሆንም» አለቻት፤ እንደ ማዕረግ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሩጫ አለፉ። በሚያዝያ ዕረፍት ናኩሩ ድረስ ሄድን። መንገድ ላይ ኮምቢው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች እየዘመሩ ገፍተው አወጡን፤ ወይዘሮ ሉቺያ ሳይወርዱ አኮርዲዮን እየተጫወቱ አገዟቸው። ይሁዳንና ጎልያድን እንደገና ሣልኳቸው፤ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፤ አሁን ልጆቹ ክፉው ማን እንደሆነ ለማወቅ ታሪኩን እስከ መጨረሻው መስማት አለባቸው። ጩኸቱ ቀነሰ፤ ጥያቄው ግን በዛ። ሚርያምን በየደረስንበት ይጠይቃሉ። ሠርክም በቀን ስድስት ሰዓት ሸፈነች፤ እሑድ እንኳ አላስቀረችም። እኔ በየምሽቱ ልጥፉን ሳነሳ ዓይኗ እንዳለ አያለሁ፤ የሸፈንኩት ደግሞ ቢሰንፍስ እያልኩ።

ነሐሴ 20 ቀን ሐኪሙ ዘንድ ቀረብን። ቀኝ ዓይኗን በካርቶን ከልሎ ሹካዎቹን አሳያት። ሁለተኛውን መስመር አለፈች። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ጣቶቿ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች ይሄዳሉ። አምስተኛው ላይ ዘገየች፤ እኔ ወንበሩን ያዝኩ። ከዚያ ቀጠለች። ስድስተኛው ላይ አንድ ብቻ ሳተች።

«በቃ» አለ ሐኪሙ።

«ምን በቃ?»

«ልጥፉ በቃ። ድኗል።»

«መጥፎው ነገር ምንድን ነው?»

«መጥፎ ነገር የለም።»

«ስለዚያ አንድ የሳተችውስ?»

«እናትየዋ፣ እኔም ያለ መነጽር እስታለሁ። በስድስት ወር አምጪያት፤ ለማየት ያህል።»

ሌላ የምጠይቀው ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሠርክ ግን ከወንበሩ አልወረደችም።

«ታዲያ ቅዳሜ ሚርያምን ማን ይይዛታል?»

«አንቺ ነሻ» አልኳት።

«በሁለት ዓይን?»

«እንደ ልጆቹ በእጅሽ ትሸፍኛለሽ።»

ጉዳዩን መዘነችው። «እሺ። ግን አንዳንዴ በጣቶቼ መሃል አጮልቃለሁ። በሁለቱም።»

«ለምን?»

«ሕፃኑ እንዳይወሰድ ነዋ፣ እማዬ። በአንድ ዓይን ብቻ ያስፈራል።»

«አጮልቂ» አልኳት። «እኔም አጮልቃለሁ።»