ሶረቲ ያነበበችው የምረጡኝ ደብዳቤ

በ1968 ዓ.ም. ያለምወርቅ የጅማ ቡና ማበጠሪያ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ስለነበረች የአባላቱ ስምና አድራሻ በእጇ ነበር። ለሊቀመንበርነት ስትወዳደር ዝርዝሩን እያየች ለእያንዳንዳቸው «ጓድ» ብላ የምረጡኝ ደብዳቤ ጻፈች፤ ተላላኪው በየቤታቸው አደረሰላት። ተፎካካሪዋ ቡና ለቃሚዋ ሶረቲ ዝርዝሩን ብትጠይቅ ግን «የቢሮ ሰነድ ነው» ብላ መለሰቻት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሶረቲ ደጅ ስታልፍ ግቢው በለቃሚ ሴቶች ሞልቷል። ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ሶረቲ እንድታነብላቸው ይዘው መጥተዋል። ያለምወርቅ አጥሩ ሥር ቆመች። ሶረቲ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ታነባለች። ከጸሐፊዋ ይልቅ በእሷ አፍ ያምር ነበር።

«እንዴ! እሷን ምረጡ እኮ ነው የሚለው!» አሉ አንዲት አሮጊት።

«አዎ እማማ፣ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የአንቺስ ደብዳቤ የታለ?»

«እኔማ አድራሻችሁን ማን ሰጥቶኝ? ይኸው እናንተው መጣችሁልኝ!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። አሮጊቷም «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ብለው የሶረቲን ጉንጭ ሳሙ።

ያለምወርቅ የምርጫውን ውጤት እዚያው አወቀችው። ሆዷን ያቃጠላት ግን መሳሙ ነበር። እኚያ አሮጊት ቢሮዋ ሲመጡ ከበሩ ላይ እጅ ነሥተዋት ይመለሱ ነበር።